አባት ልጁን በሕግ ሲፈልግ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ «ደግሞ ለአባት ጠበቃ!» ብለው መሳቃቸውን ሰምቻለሁ። ምክንያት ስላለው ሳቁን አልተቀየምኩም። በአገራችን ልማድ አባት የቤቱ ጌታ ነው፤ የሚያዘው እርሱ፤ የሚቈጣው እርሱ፤ ልጅም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ስለዚህ «ረዳት የሚያሻት እናት ናት እንጂ አባት ምን ጐደለበት?» ቢባል አያስደንቅም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ጌታ ስላልሆነው አባት ነው። እርሱም ገንዘብ የሌለው፤ ፊደል ያልቈጠረ፤ ከተወለደበት ቀዬ ርቆ በቆላ በቀን ሥራ የሚያድር፤ ከልጁም የተለየ ሰው ነው። ይህ ሰው በሕግ መብት አለው፤ ወደ መብቱ የሚወስደውን መንገድ የሚያሳየው ግን አላገኘም።

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። ያው ሕግ በአንቀጽ 681 ደግሞ፥ ባልና ሚስት ሲፋቱ ሌላ የሚያስወስን ብርቱ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ ከእናታቸው ጋር እንዲሆኑ አዝዞ ነበር። ፍቺውንም የሚያዩት የዘመድ ዳኞች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 213፥ ይህን ሁሉ ለወጠ። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፤ የአምስት ዓመቱ ደንብ ቀረ፤ ፍቺን መወሰንም የፍርድ ቤት ሥራ ሆነ። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልላችን የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 አውጥቷል።

እንግዲህ አባት ከአለቃነት ወንበሩ ወርዶ ከእናት ጋር ትከሻ ለትከሻ በዳኛ ፊት ቆሟል። ይህም ትክክል ነው፤ ማንም ወደ ኋላ እንዲመልሰው አልሻም። ነገር ግን በዳኛ ፊት እኩል መቆም ማለት ማመልከቻ መጻፍ፤ ማስረጃ ማቅረብ፤ ቀጠሮ መጠበቅ ማለት ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ለዚህ ጠበቃ ይገዛል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የሚያዝዘው በወንጀል ለተከሰሰ ድኻ ነው። ልጁን ለማየት ለሚለምን ድኻ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም። ሰው ቢሰርቅ ጠበቃ ያገኛል፤ ልጁን ቢናፍቅ ግን ራሱን ችሎ ይሟገታል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገሬ ልውሰዳችሁ። እኔ የገንዳ ውሃ ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌዎቻችን ሸኸዲ የሚሏት ከተማ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ቁልቁል ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ሳይደርስ ያገኛታል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆናለች። ብዙዎቻችሁ መተማን የምታውቁት አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ስፍራ በመሆኑ ነው። ዛሬ ግን አገሩ የሚታወቀው በሰሊጥ፤ በጥጥና በማሽላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፤ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ፤ ከደጋው እጅግ ብዙ ወጣት ይወርዳል። አንዳንዱ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ እዚያው ይቀራል፤ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞረ ዓመታት ይቈጥራል፤ የቆላው ሰው «ሳሉግ» ይለዋል። ጥቂቱም ጠረፉን ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ እርሻዎች ይደርሳል።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ትዳርም አለ፤ ልጅም አለ። ብዙ ጊዜ ግን ሠርግ የለም፤ ወረቀት የለም፤ የሁለቱም ዘመድ በአቅራቢያ የለም። በደጋ ባልና ሚስት ቢጣሉ አጎትና የንስሐ አባት መካከላቸው ይገባሉ። በቆላ የተጣሉ ባልና ሚስት መካከል የሚገባው የሚቀጥለው አውቶቡስ ነው። እርሷ ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቿ አገር ትመለሳለች፤ ወይም እርሱ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት ተሻጋሪውን ሠራተኛ በትኖታል። በዚያው ዓመት በክልላችን የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። ከልጁ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀ አባት በእንዲህ ያለ ጊዜ ሌላ አገር እንዳለ ሰው ሊሆን ይችላል።

አንድ ሰው በሐሳባችን እናቁም። ከበለሳ ወርዶ ሦስት ዓመት በሰሊጥ እርሻ ሠርቷል እንበል። ገንዳ ውሃ ላይ ሻይ ከምትሸጥ ሴት ጋር አብሮ ኖሮ ልጅ ወልዷል። ተጣሉ፤ እርሷም ልጁን ይዛ ወደ ደምቢያ ሄደች። ይህ ሰው የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ልጁ በስሙ እንዲጠራ፤ በዓመት ጥቂት ቀን እንኳ ልጁን እንዲያይ፤ ቀለብም የሚችለውን ያህል እንዲቈርጥ። ማንን ይጠይቅ? ጓደኞቹ «ልጅ የእናት ነው፤ ተወው» ይሉታል። ሌላው «ልጅ የአባት ነው፤ ሄደህ ንጠቃት» ይለዋል። ሁለቱም ሕጉን አያውቁም። የመጀመሪያው ምክር ልጁን አባት ያሳጣዋል፤ ሁለተኛው ሰውየውን ወኅኒ ያወርደዋል።

ሕጉ የሚለው ከሁለቱም የተለየ ነው። ስለ መጀመሪያው ጥያቄ፥ ማለት ስለ አባትነት፥ ጋብቻ ባይኖርም አባት ልጁን መቀበል ይችላል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ይህን የሚያደርገው በክብር መዝገብ ሹም ፊት፤ በኑዛዜ፤ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ ነው፤ እናቲቱም እውነት ነው ብላ ማጽናት አለባት። የልደት ምዝገባም በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 760 ተደንግጎ፥ በመላ አገሪቱ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት። ይህን ያደረገ አባት ከሙግቱ ገሚሱን ሳይሟገት ጨርሷል።

ስለ ሁለተኛው፥ ልጁን ስለ ማየት፥ አዋጅ ቁጥር 213 በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፤ እንዴት እንደሚማሩና እንደሚታከሙ፤ ሌላው ወላጅም እንዴት እንደሚጐበኛቸው አብሮ እንዲወስን ያዝዛል። ዳኛው የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፤ ዕድሜ፤ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፤ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። ወላጆቹ ያልተጋቡ ቢሆኑም የልጁ መብት አይቀንስም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላልና።

ስለ ሦስተኛው፥ ስለ ቀለብ፥ መጠኑ የሚወሰነው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ነው፤ ሁኔታው ሲለወጥም ሊሻሻል ይችላል። ይህን ብዙ አባቶች አያውቁም። የአንድ ጥሩ ዓመት ደመወዝ ታይቶ የተቈረጠበት ሰው ሰሊጥ በከሸፈበት ዓመት መክፈል ሲያቅተው፥ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ «ይሻሻልልኝ» በማለት ፈንታ ይሰወራል። መሰወር ግን መፍትሔ አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 ቀለብ አለመስጠትን በወንጀል ያስቀጣል። ባለዕዳ ሆኖ የተሰወረ አባት ልጁን ለማየትም ይፈራል፤ ልጁም ገንዘቡንና አባቱን በአንድ ቀን ያጣል።

እንግዲህ ገንዘብ የሌለው ሰው እርዳታ የሚያገኝባቸውን ደጆች በተራ ልቍጠር።

አንደኛው ደጅ ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። ባለጉዳይ ያለ ጠበቃ ራሱ ቀርቦ መናገር ይችላል። ዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በድኽነት እንዲከስ ይፈቅድለታል። ያለውን ንብረት ዘርዝሮ፤ ድኽነቱን አስረድቶ፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፥ ክስ በመሠረቱ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ስፍራ ነው። የእኛ ሰው እናቲቱ ደምቢያ ከሆነች ገንዳ ውሃ ላይ ከፍቶ ወራት ቢጠብቅ ድካሙ ከንቱ ሊሆንበት ይችላል። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ስንት የቀን ሥራ ይተርፍለት ነበር!

ሁለተኛው ደጅ የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው። ዐቃቤ ሕግ በፍትሐ ብሔር ነገር ቅድሚያ የሚሰጠው አቅም ለሌላቸው ሴቶችና ለሕፃናት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ቢሆንም የሚጠየቀው የልጁ ቀለብና የልጁ ጉብኝት ነውና፥ አባት በልጁ ስም ገብቶ ምክር ቢጠይቅ ደጁን የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ሦስተኛው ደጅ እዚሁ በግቢያችን ያለው የሕግ ትምህርት ቤታችን የሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ነው። በዚህ ደጅ የሚገባ ሰው ምክር ያገኛል፤ ማመልከቻም ይጻፍለታል። ችግሩ የእኛ ሰው የሚሠራው ሰሊጥ ማሳ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛው ደጅ የጠበቆች ግዴታ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ፥ ቁጥር 57፥ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ደንቡ የፌዴራል ጠበቆችን የሚመለከት ቢሆንም፥ ያቋቋመው ሐሳብ ለሁሉም ይጠቅማል፤ የጥብቅና ሙያ ለድኻ የሚከፈል ዕዳ አለበትና።

አምስተኛው ደጅ ሽምግልና ነው፤ የሁሉ ታላቅ፤ ዋጋውም የሁሉ ርካሽ ነው። ነገር ግን በቃል ብቻ የቀረ እርቅ ሽማግሌዎቹ በተበተኑ ጊዜ አብሮ ይበተናል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ተከራካሪዎች በስምምነት እንዲጨርሱና ስምምነታቸው በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። እንደ ፍርድ ሆኖ የተመዘገበ እርቅ እናቲቱንም አባትዮውንም ይጠብቃል። እስላም ወገኖቻችንም ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት እንደሚችሉ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ተጽፏል።

አንድ ደጅ አልቈጠርኩም። እርሱም በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም፤ ስንቱን ድኻ ቋንቋ ሰጥቶታል። ነገር ግን የሚከፈለው በገጽ ነውና፥ የአንድ ገጹን ነገር አራት ገጽ ያደርሰዋል። አራት ገጽ ለመሙላት ደግሞ የእናቲቱን ስም ማጥፋት ግድ ይሆናል። ልጁን ለማየት ብቻ የመጣው ሰው ሳያውቀው የልጁን እናት ሰድቦ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ እርቅ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ እኅቶቼ የሚጠይቁኝን አውቃለሁ፤ «ገና የእናቶች እንባ ሳይደርቅ ለአባቶች እርዳታ?» ይሉኛል። ጥያቄው ክብደት አለው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ ተቋቁሞ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር መስጠት የጀመረው ሌላ ማንም ስላልሰጣቸው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ ከውጭ የሚመጣውን ገንዘብ ባጠበበበት ጊዜ ሥራው እጅግ ተጐድቶ ነበር፤ ያ ሕግ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከእናቶች ማዕድ ቈርሶ ለአባቶች የሚሰጥ ካለ ተቃዋሚው እኔ እሆናለሁ። ሚስቱን ደብድቦ ያባረረ ሰው «ልጄን አሳዩኝ» ብሎ ቢመጣም፥ የሚረዳው ተማሪ አስቀድሞ ስለ እናቲቱና ስለ ልጁ ደኅንነት መጠየቅ አለበት፤ የሚያሰጋ ነገር ካለም «አልችልም» ማለት አለበት።

በዚህ ረገድ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ፍርድ ሁላችን ልናስታውሰው ይገባል። ልጁን ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ አባት ለረጅም ዓመታት ሳይጠይቀው ቆይቶ፥ አባት ነኝና በሕግ ይሰጠኝ አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ንና ኢትዮጵያ በ1984 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የሕፃናት መብት ስምምነት ጠቅሶ፥ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ ፍርዱን ሻረ። የሰበር ትርጓሜ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ማስገደድ የጀመረው በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ነው። ይህ ፍርድ አባትን ያዋረደ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ፍርዱ ያስተማረን አባትነት የሚጸናው በመጠየቅ፤ በመርዳትና በመገኘት መሆኑን ነው።

ስለዚህ ለአንድ ቆለኛ አባት የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ክሰስ» የሚል አይሁን። «ልጅህን እንደምትጠይቅ የሚያስረዳ ነገር አኑር» የሚል ይሁን። በቴሌብር የላከው ገንዘብ መልእክት፤ የክትባት ካርድ፤ የትምህርት ቤት ደረሰኝ፤ ስንቅ ይዞ ሲሄድ ያዩት ጎረቤቶች፤ እነዚህ ሁሉ ከአራት ገጽ ስድብ ይበልጣሉ። ይህን ምክር ለመስጠት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ክቡር ሊቀ መንበር፤ አሁን ወደ ማኅበራችን ሥራ እመጣለሁ። ይህ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በደምቢያ ሜዳ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ፈጅቶት ነበር። ተማሪዎቹም የተማሩት በክፍል ብቻ አይደለም፤ ወደ ወረዳ ወርደው ሠርተዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር። ዛሬም የሕክምና ጓደኞቻችን ከመተማ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ በካላዛር ሕመሙ ምክንያት በሚገባ ያውቁታል፤ ስፕሊኑን ዳስሰው፤ ደሙን መርምረው ያክሙታል። «ልጅህስ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም፤ ያ ጥያቄ የእኛ የሕግ ተማሪዎች ፈንታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ስለ አባትነት፤ ስለ ጉብኝትና ስለ ቀለብ የሚለውን፥ ባላገር በሚገባው አማርኛ በአንድ ገጽ አጠር አድርገን በዚሁ በማኅበራችን ማባዣ እናባዛው። ማንበብ የማይችለውም ሰው ከጓደኞቹ አንዱ ያነብለታል። አንድ ሰው ሲያነብ ዐሥር ሰው የሚያዳምጥበት አገር ነው።

ሁለተኛ፥ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፥ በመምህር የሚመሩ ጥቂት የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ገንዳ ውሃ ወርደው ለአንድ ሳምንት ምክር ይስጡ። ጊዜውም ከአጨዳ በኋላ ሠራተኛው ሒሳቡን በሚቀበልበት ሰሞን ይሁን። በአጨዳ መካከል የሚሄድ ሰው ማንንም አያገኝም፤ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ለምክር ብሎ የቀን ዋጋውን አይተውም። መንገዱ እስኪሻል ድረስ ደግሞ ከሕክምና ጓደኞቻችን ጋር ተስማምተን፥ ለሕክምና ጎንደር የመጣውን ሠራተኛ እዚሁ እናግኘው።

ሦስተኛ፥ ለሥራው ደንብ ይኑረን። ተማሪ ጠበቃ ነኝ አይበል። እናቲቱን ያማከረ ተማሪ በዚያው ጉዳይ አባትዮውን አያማክር። የባለጉዳይ ምሥጢር በመኝታ ቤት ወሬ አይሁን። የምንጽፈው ማመልከቻም ከሁለት ገጽ አይለፍ፤ ስድብም አይኑርበት።

«ይህ ሁሉ ጥቂት ሰው ቢረዳ ነው» የሚለኝ ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ነገሩን ከልጁ በኩል ተመልከቱት። ለሕዝቡ ጥቂት የሆነው ለዚያ ልጅ ሙሉ አባቱ ነው። በክፍል ውስጥ የተማርነው ሕግ የተጻፈው ለፈተና ብቻ ካልሆነ፥ አንድ ጊዜ እንኳ ቁልቁል ወደ ቆላው ወርዶ ሥራውን ይሥራ። ያቀረብኩትን ሐሳብ ማኅበሩ በዛሬው ስብሰባ ተወያይቶ ድምፅ እንዲሰጥበት፥ መምህራኖቻችንም የሚመራን አንድ ሰው ከመካከላቸው እንዲሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።